ስለ ዶሮው ክንፍ፣ ለየሺ

የሺዬ፣

ከተለየሽኝ አንድ ዓመት ከአሥራ አንድ ቀን ሆነ። እንዴት ሰነበትሽ ብዬ አልጠይቅሽም፤ ያለሽበት ቦታ እኔ ካለሁበት እንደሚሻል የነፍስ አባታችን ደጋግመው ነግረውኛል፣ እኔም አምኜ ተቀምጫለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልሽ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ እሰፋለሁ ማለቴ ነው እንጂ ዓመቱን ሙሉ የከረምኩት ተናድጄ ነው። ማዘኑንማ አዝኛለሁ፣ እሱን አንቺም ታውቂዋለሽ፤ የጨረሰኝ ግን ንዴቱ ነው። የዚህን ንዴት ነገር ደግሞ ከአንቺ በቀር የምነግረው ሰው የለኝም።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርሽ። በጓሮ በኩል ያለው ቆርቆሮ ክረምቱን ሲያፈስ ከረመና መስከረም ላይ አስለወጥኩት። ሰፈራችን የኤሌክትሪክ መብራት ገባ። ምሰሶውን አምጥተው ልክ አንቺ ጎመን የምትተክይበት ቦታ ላይ ገተሩት፤ ብጮህም የሰማኝ የለም። የስፌት መኪናዬ ደህና ናት፣ ፔዳሏ ብቻ ትንጫጫለች። የቁልፍ ማግቢያ የሚሠራልኝ ስለሌለ ራሴ እሠራዋለሁ። ደንበኞቼ ኮታቸውን ተቀብለው የቁልፍ ማግቢያውን በጣታቸው ይዳብሱትና አንድ ነገር ሊሉ ብለው ይተዉታል። ያንቺ እጅ እንደጎደለበት ያውቃሉ፣ እኔም እንዳወቁ አውቃለሁ፣ ከዚያ ኮቱን በጋዜጣ ጠቅልዬ እሰጣቸዋለሁ።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ።

የተናደድኩት በእህትሽ ነው። ጥሩወርቅን ታላቅሽ ስለሆነች ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ እትዬ ብዬ፣ አንቱ ብዬ አክብሬያታለሁ። ከቀብርሽ ዕለት ጀምሮ ግን በሆዴ አንቱታውን አንስቻለሁ፤ እዚህም አንስቼዋለሁ፣ ደብዳቤው የእኔ ነው።

ያን ዕለት ለቀስተኛው ግቢውን ሞልቶ ጥሩወርቅ ከመሀል ተነሣች። ሙሾ ስታወርድ ድንጋይ እንደምታስለቅስ ታውቂያለሽ። አባትሽን እንዴት ብላ እንዳለቀሰችላቸው እስከ ዛሬ ሰው ይናገረዋል። እኔም ለአንቺ የሚገባሽን ትላለች ብዬ፣ ያንን እጅሽን፣ ያንን ሳቅሽን ታነሣለች ብዬ ጋቢዬን አጣፍቼ ጠበቅሁ። ደረቷን እየደቃች ያለችው ይህን ነው፦

ፈረሰኛው ለባል፣ ታፋውም ለእንግዳ፣
እህቴ ክንፍ ጋጠች በቤቷ እንደ ባዳ።

በቃ፣ ግቢው በለቅሶ ተናጠ። ሴቶቹ እየተቀባበሉ ደጋገሙት። ዶሮ አሥራ ሁለት ብልት እንደሆነች፣ ደረቱ ፈረሰኛው የአባወራ፣ ታፋው የእንግዳ፣ ክንፉ ደግሞ የቀረው ሰው ድርሻ እንደሆነ የማያውቅ የለም። እዚያ የነበረው ሰው ሁሉ ዞሮ እኔን አየኝ። ሚስቱን አጥንት ሲያስግጥ ኖሮ ገደላት ነው እኮ ነገሩ። ያንቺ ሬሳ ወጥቶ ገና አፈሩ ሳይደርቅ፣ እኔ በገዛ ግቢዬ ውስጥ አንገቴን የምቀብርበት አጣሁ።

እዚያው ቢቀር ምን ነበረበት። ሙሾው ከግቢያችን ወጥቶ ማርቆስ ከተማን ዞረ። ጉልት የሚቸረችሩት ሴቶች ይሉታል። ለአርባሽ የነፍስ አባታችን ቆመው ስለ አንቺ ሲናገሩ፣ መልካም መልካሙን ለሰው እየሰጠች ክንፍ ይበቃኛል ያለች ሴት ብለው ሕዝቡን አስተማሩብሽ። ሰው ከንፈሩን መጠጠ። እኔ ማኅበር ላይ ታፋ ሳነሣ ጉሮሮ የሚጠርግ አለ። ይባስ ብሎ አንድ ቀን የአንድ ሰውዬ ሱሪ ስለካ፣ ሰውዬው ያንን ሙሾ ያንጎራጉራል። የማን ባል እንደሆንኩ አላወቀም። ሜትሩን እንደያዝኩ ዝም ብዬ ሰማሁትና የሱሪውን ወገብ ሁለት ጣት አጥብቤ ሰፋሁለት። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ለራሴ ስም ብቻ ብዬ እንዳይመስልሽ። ስሜ ተሰድቦም ቢሆን ልብስ መስፋቴ አይቀርም። ልጅ አልሰጠንም የሺ። የሺ እንዲህ ነበረች፣ እንዲህ ትስቅ ነበር፣ እንዲህ ትቆጣ ነበር የሚል ከእኔ ሌላ የለሽም። እኔ ስሞት ከአንቺ የሚቀረው ያቺ ሙሾ ብቻ ናት፤ በቤቷ እንደ ባዳ ተቀምጣ ክንፍ የጋጠች ምስኪን። አንቺ ምስኪን? አንቺን ነው እንዴ ምስኪን የሚሉት?

ሃያ ስድስት ዓመት በየገበያው አብረን ዞረናል። የስፌት መኪናዋን አውቶቡስ ጣሪያ ላይ አስጭነን ደምበጫ፣ አምበር፣ ሉማሜ። ከአንዱ በረንዳ ላይ ተቀምጠን እኔ እሰፋለሁ፣ አንቺ ቁልፍ ትተክያለሽ፣ ስምንት ሰዓት ሲሆን፣ ጾም ካልሆነ፣ ምግብ ቤት እንገባለን። አንቺ መጀመሪያ እጄን ልታጠብ ትዪና ወደ ጓዳ ትዘልቂያለሽ። እጅ መታጠብ ይህን ያህል ምን ያስቆያል እያልኩ ሁልጊዜ አጉረመርም ነበር።

ምግብ ቤቱን የምትመዝኚው በክንፉ ነበር። ታፋ ማንም ያበስላል ትዪኛለሽ። ክንፍ ግን ቆዳው አልገፈፍም ይላል፣ የላባው ሥር ተለቅሞ አያልቅም፣ ሰነፍ ሴት እዚያ ላይ ትሰለቻለች፤ ስለዚህ የሴትዮዋን ሙያ ማወቅ የፈለገ ክንፏን ይይ። ሳህኑ ሲቀርብ ክንፉን ታነሺና መጀመሪያ ታሸቺዋለሽ። ቀጥለሽ መገጣጠሚያውን በአውራ ጣትሽ ትጫኚዋለሽ፣ ቁሌቱ ውስጡ መግባቱን ለማየት። ከዚያ ዳር ዳሩን በጥፍርሽ ትፈትሺዋለሽ። አንዲት የላባ ሥር ከተገኘች የቤቱ ባለቤት ተጠርታ ትመጣለች። አምበር ላይ ክንፍ መልሰሽ ሌላ እስኪመጣ አውቶቡሱ ጥሎን የሄደበት ቀን ትዝ ይልሻል። ሹፌሩ ጥሩምባ ይነፋል፣ እኔ ቆሜ እቁነጠነጣለሁ፣ አንቺ ይሂድ ብለሽ ተቀምጠሻል። በጭነት መኪና፣ ጤፍ የሞላ ጆንያ ላይ ተቀምጠን ማርቆስ ስንገባ መንገዱን ሙሉ ያወራሽኝ ስለዚያ ክንፍ ነበር። ምስኪኗ ይህች ናት።

ይህንን ሁሉ ለጥሩወርቅ ሄጄ ነገርኳት። ቤት ውስጥ ሚስት የተረፈውን ትበላለች ብንል እንኳ፣ ምግብ ቤት ማንም የቀረው ነገር አይደርሰውም፣ የሚበላው ያዘዘውን ነው፤ የሺ እዚያም የበላችው ክንፍ ነው አልኳት። ረታኋት ብዬ ደረቴን ነፍቼ ነበር። እሷ ድምጿን እንኳ ከፍ አላደረገችም። ምግብ ቤት ስትገቡ አፉን ከፍቶ የሚያዘው ማን ነበር ብላ ጠየቀችኝ። እሱን ብቻ ጠይቃኝ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ጓዳዋ ገባች።

እኔ ነበርኩ፤ ሌላ ማን ያዛል። ባል ያዛል፣ ሚስት ትቀመጣለች፣ ወጉ ነው። ለእኔ ፈረሰኛ፣ ለእሷ ክንፍ እያልኩ ሃያ ስድስት ዓመት ያዘዝኩት እኔ ነኝ። አንቺ ራስሽ አፍ አውጥተሽ ገና ከመነሻው ክንፍ ስታዢ የሰማሁበትን አንድ ቀን ብፈልግ አጣሁ። መርፌ ስሰካ፣ ካርቶን ስቀድ፣ ሰው ስለካ ይኸው ነገር ይመጣብኛል። ምናልባት አንድ ቀን ሳልጠይቅሽ አዘዝኩልሽና አንቺም ከሚሰጠኝ ውስጥ ምርጡን ልፈልግ ብለሽ ይሆን ያን ሁሉ ፍተሻ ያመጣሽው? ጥሩወርቅ ልክ ብትሆንስ? ያን ጊዜ ነው ንዴቴ ወደ ራሴ የዞረው።

አንድ ነገር ደግሞ ልንገርሽ፣ ለማንም ነግሬ አላውቅም። እኔ ፈረሰኛ አልወድም። ደረቅ ነው፣ ጉሮሮዬ ላይ ይቆማል። የምወደው ታፋ ነው። ግን አባወራ ነኝና ፈረሰኛው ፊቴ ይቀርባል፣ በሞቴ እየተባልኩ እበላዋለሁ፣ ምግብ ቤትም ስገባ ሰው ይሰማል ብዬ ያንኑ አዛለሁ። ሉማሜ ላይ ብቻ፣ ወይዘሮ አሰለፈች ቤት፣ ከእንቁላሉ ሥር ሁልጊዜ ታፋ ትጨምርልኝ ነበር። ደግ ሴት ናት እያልኩ ምርቃቴን አወርድላት ነበር። ይኸው ነው የእኔ ታሪክ፤ ለእኔ ሙሾ የሚያወርድ አልተገኘም።

ጥቅምት ላይ ጭቃው ሲደርቅ ሥራዬን ዘግቼ ምስክር ፍለጋ ወጣሁ። ለሚስቱ ክንፍ ምስክር ፍለጋ የሚዞር ባል ብለሽ ትስቂ ይሆናል። ሳቂ።

የጀመርኩት ከዚሁ ከማርቆስ ነው። አውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ አዲስ ሆቴል ተከፍቷል፤ የጃንሆይ ፎቶግራፍ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፣ አስተናጋጁ ነጭ ኮት ለብሷል፣ ኮቱ ደግሞ ትከሻው ላይ ተሸብሽቧል፣ ማን እንደሰፋው እግዜር ይወቅ። በሽተኛ ሆነሽ ሳለሽ ሲሻልሽ እዚያ ላስገባሽ ብዬሽ ነበርና ክንፋቸውን ልይልሽ ብዬ ገባሁ። ክንፍ አልኩት። ለእርስዎ ነው ብሎ ጠየቀኝና ሳቁን ዋጠ። ምን ይዞ ቢመጣ ጥሩ ነው? ክንፍ ከሹካና ከቢላ ጋር። ለክንፍ ሹካ። ክንፉን እንደ አንቺ አሸተትኩት፣ ተጫንኩት፣ በጥፍሬ ፈተሽኩት። ቆዳው አልተገፈፈም፣ የላባው ሥር እንደ አስተናጋጁ ጢም ቆሟል። አልበላሁትም። ክንፍ በአፌ ዞሮ አያውቅም፤ ክንፍ የሚግጥ ወንድ የት ታይቷል። ሳህኑን ገፋሁለትና ወጣሁ።

ደምበጫ ሄድኩ። ያቺ የምናውቃት ሴት አርፋለች፣ ቤቱን የያዘችው ልጇ ናት፣ እኛን አታስታውስም። ክንፉን ከሦስት ቆራርጣ ቁሌቱ ውስጥ በትናዋለች፤ ብታዪው እዚያው ትጣያት ነበር። ሽንኩርቱ ሳይበስል በርበሬ የተጨመረበት ወጥ ሽታው ገና ከበሩ ይቀበልሻል። የእናቷን ነፍስ ይማር ብያት ተመለስኩ።

በሳምንቱ አምበር ወረድኩ። የአምበሯ ሴትዮ ገና አንቺን ፍለጋ ጎን ጎኔን እያየች አወቀችኝ። ደስ አለኝ፣ ይኸው ምስክሬ አልኩ። ያ አውቶቡስ የሄደበት ቀን ትዝ ይልሻል ወይ አልኳት። እንዴት አይለኝም አለችና ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? ክንፍ ብናቀርብላት ተቆጥታ መለሰችው፣ ልክ ነበረች፣ አንተስ ምነው ያቺን የመሰለች ሴት ይዘህ ክንፍ ታዝላታለህ ብላ ሰው በተሰበሰበበት ወቀሰችኝ። ክንፉን የመለሰችው የላባ ሥር አግኝታበት ነው፣ ሌላ ክንፍ አምጡ ብላ ነው ብላት አልሰማችኝም። ሁለተኛ ያመጣችልሽም ክንፍ መሆኑን ረስታዋለች። የምታስታውሰው መቆጣትሽን ብቻ ነው። ምስክር ብዬ የሄድኩባት ሴት የጥሩወርቅ ምስክር ሆና አረፈችው።

ከዚያ ወጥቼ ወደ ማርቆስ ልመለስ መንገድ ዳር ቆሜ ነበር። ቀድሞ የመጣው አውቶቡስ ወደ ሉማሜ የሚሄደው ሆነ። ተሳፈርኩ።

ወይዘሮ አሰለፈች አርጅታለች። ዓይኗ ደክሟል፣ በድምፄ ነው የለየችኝ። ያንቺን ነገር ከመንገደኛ ሰምታ ኖሮ ነፍስ ይማር ብላ አለቀሰች። እኔ ለማዘዝ እንኳ አቅም አጥቼ በኩርሲው ላይ ተቀመጥኩ። ምን ላምጣልህ ሳትለኝ ገብታ ሳህን ይዛ መጣች። ላዩ ላይ ፈረሰኛ፣ አጠገቡ እንቁላል። እንቁላሉን ሳነሣው፣ ከሥሩ ያው ታፋ። ይህን ሁሉ ዓመት ከድርሻዬ በላይ እየጨመርሽ አብልተሽኛልና እግዜር ይስጥልኝ አልኳት።

ግራ ገብቷት አየችኝ። እኔ ምን ጨመርኩልህ፣ የራስህ ሚስት ናት እንጂ አለችኝ።

የሺ፣ አሁን የምጽፈውን አንቺ ታውቂዋለሽ። ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፣ ስለዚህ እንዳወቅሁት እንድታውቂ ልጻፈው።

ገና በተጋባን በዓመቱ፣ መጀመሪያ ሉማሜ በገባን ቀን፣ እጄን ልታጠብ ብለሽ ጓዳዋ ገባሽ። እጅጌሽን ሰብስበሽ ድስቱን ከፍተሽ አየሽ። ክንፉን በጭልፋ አውጥተሽ ፈተሽሽው፣ አመሰገንሻት። ከዚያ እንዲህ አልሻት፦ ባሌ ፈረሰኛ ያዛል፣ አይወደውም፣ ሲውጠው ፊቱን አይቼ አውቀዋለሁ፣ በሰው ፊት ግን ሞቶ አይናገርም። ከእንቁላሉ ሥር ታፋ ደብቂለትና ከቤቱ እንደተጨመረ አስመስዪው። ለእኔ ሁለቱም ክንፍ ይሁንልኝ፣ አንዱን እዚሁ እበላዋለሁ፣ አንዱን እሱ ፊት። ከዚያ ወዲያ ሉማሜ በገባን ቁጥር አንደኛውን ክንፍ ምድጃው አጠገብ ቆመሽ ትበያለሽ፣ ጣትሽን ትልሻለሽ፣ እጅሽን ትታጠቢያለሽ፣ ከዚያ መጥተሽ ፊቴ ትቀመጪና ሁለተኛውን ከጠዋት ጀምሮ እህል እንዳልቀመሰ ሰው ትበያለሽ። እኔ ለእሷ ክንፍ ብዬ ሳዝ አንዱ ክንፍ ሆድሽ ገብቶ አልቋል።

አሰለፈች ይህን ስትነግረኝ ሳቄ መጣ። ሳቅሁ፣ ሳቅሁ፣ ከዚያ እዚያው ኩርሲ ላይ ሰው እያየኝ አለቀስኩ። በቀብርሽ ቀን እንዲያ አላለቀስኩም። አላሳዘንሽኝም እኮ የሺ። ያስለቀሰኝ አለማወቄ ነው። የምወደውን አንድ ቀን ሳልናገር አውቀሽልኛል፤ እኔ ያንቺን ምስክር ፍለጋ ሦስት ከተማ ዞርኩ።

በአንቺም ደግሞ ተናደድኩ፣ አልደብቅሽም። ይህን ካወቅሽ ቤታችን ለምን አላደረግሽውም? ፋሲካ በመጣ ቁጥር፣ እንቁጣጣሽ በመጣ ቁጥር ያንን ደረቅ ነገር ፊቴ ስታቀርቢ ዓይንሽ አያፍርም? በኋላ ሳስበው ገባኝ። ቤታችን በዓል ያለ እንግዳ አልፎ አያውቅም፣ ጥሩወርቅ ደግሞ ድስቱ አጠገብ ተቀምጣ አሥራ ሁለቱን ብልት ስትቆጥር ነው የምትውለው። የባሏን ፈረሰኛ ለሌላ ሰጠች ተብለሽ እንዳትታሚ ነው። ይሁን፣ ይቅር ብዬሻለሁ። ግን በጆሮዬ ልትነግሪኝ ትችይ ነበር።

አሰለፈችን ለሙት ዓመትሽ እንድትመጣልኝ ለመንኳት። በዚህ ዓይኔ አውቶቡስ እንዴት እሳፈራለሁ አለች፣ ከዚያ ለየሺማ እመጣለሁ አለች።

መጣች። እሑድ ቀን ነበር። ቅዳሴው አልቆ፣ ፍትሐቱ ተደርጎ፣ ካህናቱም ምስኪኑም በልቶ ከሄደ በኋላ ቤተ ዘመዱን እቤት አስቀመጥኩ። አሰለፈች ከማለዳ ጀምራ በጣቷ እየዳበሰች ክንፉን ገፍፋለች፣ እኔ ዓይን ሆኜ የላባውን ሥር ለቅሜላታለሁ። አዎ፣ እኔ። ያንቺ መቀስ የት እንዳለ ስለማላውቅ በክር መቁረጫዬ ለቀምኩት።

ወጡን በእጄ አወጣሁ። ፈረሰኛውን ከእኛ ጋር ለቀሩት ለነፍስ አባታችን አቀረብኩ። ታፋውን ሰው ሁሉ እያየኝ በራሴ ሳህን ላይ አደረግሁ። ከዚያ ክንፉን አንስቼ ጥሩወርቅ ፊት አስቀመጥኩ።

ለታላቅ፣ ለክብር እንግዳ ክንፍ ማቅረብ ምን ማለት እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ፤ ከቤቴ ውጪልኝ እንደማለት ነው። ጥሩወርቅ ፊቷ ተለዋወጠ፣ ነጠላዋን ሰብስባ ልትነሣ እግሯን አጠፈች። እኔ ቆምኩ። አንደበተ ርቱዕ እንዳልሆንኩ ታውቂያለሽ። ግን ሁሉንም ተናገርኩት፤ የጓዳውን፣ የሁለቱን ክንፍ፣ ከእንቁላሉ ሥር ያለውን፣ ፈረሰኛ አለመውደዴንም ሳይቀር በነፍስ አባታችን ፊት። አሰለፈች ከጓዳ እጇን እየጠረገች ወጥታ እውነት ነው፣ በእመቤቴ አለች። ከዚያ ለእህትሽ፣ መጀመሪያ ይቅመሱት፣ ከዚያ ከፈለጉ ይሂዱ አልኳት።

ቀመሰችው። ቀስ ብላ አኘከች፣ አቆመች፣ እንደገና ነከሰች። አጥንቱን እስኪያልቅ ጋጠችው፣ ጣቷን ላሰች፣ ከዚያ አጥንቱን ሳህኑ ላይ አስቀምጣ ትክ ብላ አየችው። ለካ አንቺ ነበርሽ አለች። ለእኔ አይደለም፣ ለአንቺ ነው ያለችው። ልጆች ሆናችሁ በበዓል ቀን ሁልጊዜ ከድስቱ አንድ ክንፍ ይጠፋ ነበር አሉ። እናታችሁ ድስቱን የጠበቅሽው አንቺ ነሽ እያሉ የሚገርፉት እሷን ነበር። እያለቀሰች ትስቃለች፣ እየሳቀች ትሰድብሻለች፣ የነፍስ አባታችን ሳይቀሩ ሳቁ። አንድ ዓመት ሙሉ ቅድስት ሆነሽ ተቀምጠሽ ያን ቀን ወደ ቤትሽ ተመለስሽ።

እህትሽ ሲሄዱ በሩ ላይ ቆመው እጄን ያዙኝና ያቺን ሙሾ በአፌ አልደግማትም አሉኝ። እኔም ደህና ይግቡ እትዬ አልኳቸው።

ሳልነግርሽ የቀረኝ የሁለተኛው ክንፍ ነገር ነው፤ ሰው ገና ሳይሄድ ነው የሆነው። እትዬ ዓይናቸውን ጥለውበት ነበር፣ አይቻለሁ፤ አልሰጠኋቸውም። ሰው ሁሉ ሄዶ ሲያልቅ እበላዋለሁ ብዬ ነበር፣ ከዚያ ምን አባቴ እደብቃለሁ አልኩና እዚያው ሰው ፊት አነሣሁት። አሸተትኩት። መገጣጠሚያውን ተጫንኩት። ዳሩን በጥፍሬ ፈተሽኩት፣ ንጹሕ ነው። ከዚያ በአምሳ አራት ዓመቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ክንፍ በላሁ።

አንቺ ሴት፣ ሃያ ስድስት ዓመት ፊት ለፊቴ ተቀምጠሽ ይህን ስትበዪ አንድ ቀን እንኳ እስቲ ቅመስ አላልሽኝም። ንዴቴ እዚህ ላይ ነው ያለቀው፤ ወይም እዚህ ላይ ነው እንደ አዲስ የጀመረው፣ እስክንገናኝ አልለየውም።

ቃሌን ልስጥሽ። ከእንግዲህ በዚህ ቤት ዶሮ በተሠራ ቁጥር አንዱን ክንፍ እኔ እበላዋለሁ። ሌላውን አጠገቤ ለተቀመጠው ሰጥቼ፣ ከመብላቱ በፊት እንዲያሸተው፣ እንዲጫነው፣ በጥፍሩ እንዲፈትሸው አደርጋለሁ፣ ይህን ያስተማረችኝ ከማንም ቀድማ ክንፉን ጓዳ ውስጥ የምትጨርስ ሚስቴ ናት እለዋለሁ። እስክሞት ድረስ ማንም አያዝንልሽም።

ባልሽ፣
አያሌው